የድሮው ምድር ባቡር ግቢ ትዝታ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ እዚህ ግቡ

የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አሁን የምኖረው በርሊን ነው። እዚህ ከተማው ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ሽፕሬፓርክ የሚባል የተዘጋ መጫወቻ ፓርክ አለ። በፈረንጆቹ 1969 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ነው የከፈተው። በደህናው ዘመን በዓመት እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰው ይገባበት ነበር ይላሉ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ወደ ግል ዞረ። ዕዳ በዕዳ ላይ ተደራረበ። በ2001 ተዘጋ። ከዚያ ጫካ ዋጠው። የፕላስቲክ ዳይኖሰሮቹ ሣር ውስጥ ተጋድመው ቀሩ። 45 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ መሽከርከሪያ ነፋስ ሲነካው ብቻውን ይዞር ነበር።

ጎረቤቴ እዚያ ፓርክ እየተጫወተች ያደገች ሴት ናት። ስለሱ ስታወራ እንባዋ ይቀድማታል። አንድ ቀን፣ «አንተስ ልጅ ሆነህ የት ነበር የምትጫወተው?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው «ባቡር ጣቢያ» የሚለው ነው። ግራ ገባት። ማስረዳት ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ።

ለእኛ ለድሬዳዋ የሰፈር ልጆች መሽከርከሪያውም፣ መንሸራተቻውም፣ ሲኒማውም ያ ግቢ ነበር። ባቡር ሲገባ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሩጫ ነው። ሰው ሲወርድ ማየት፣ ዕቃ ሲራገፍ ማየት፣ ተሸካሚዎቹ ሲጣሉ ማየት። ከዚያ ጀርባ በኩል ዞሮ ቆመው የቀሩ ፉርጎዎች ውስጥ መግባት። አሁን ዝግ ነው። የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉልኝ። ለልጆቼ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ሳቢያን ማዶ

አቦ ምን አስታወስከኝ! ቆርኪ!

ነምበር ዋን

ቆርኪ ያለውን ሰው ልጨምርበት። ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆርኪ እንለቅማለን። ሐዲዱ ላይ በሰልፍ እንደረድራለን። ባቡሩ ሲያልፍበት እንደ ወረቀት ይሳሳል። መሀሉን ሁለት ቦታ በምስማር በስተን ክር እናስገባለን። ክሩን በሁለት እጅ ጠምዝዘህ ስትስበው ዝዝዝ እያለ ይሽከረከራል። ጠርዙ ስል ነው፣ ወረቀት ይቆርጣል። በእሱ የሌላውን ልጅ ክር መቁረጥ ነበር ጨዋታው። የተቆረጠበት ይሸነፋል።

ሚስማር ያስቀመጠ ደግሞ ትንሽ ቢላ ያገኛል። ሳንቲም ማስቀመጥ ግን የሀብታም ልጅ ሥራ ነው።

ሐዲድ ላይ ጆሮ መለጠፍም ነበር። ባቡሩ ገና ሽንሌ በኩል ሳይታይ ብረቱ ይነግርሃል። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነው፣ ከዚያ መንዘር ይጀምራል። የኛ ሰፈር አንድ ልጅ ጆሮውን ለጥፎ «የዕቃ ነው» ወይም «የሰው ነው» ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የዕቃው ከባድና ዝግ ያለ ነው፣ ድምፁም ወፍራም ነው። ቀን ላይ ግን ጆሮ መለጠፍ አይታሰብም። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ ብረቱ ቆዳ ይልጣል። ጠዋት ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው።

አንድ ሐዲድ ላይ ሳይወድቁ መሄድ፣ የጣቢያውን በረንዳ ዓምዶች እየዞሩ ኩኩሉ መጫወት፣ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ ስምን መጮህና ሲያስተጋባ መስማት። ስንቱን ልቁጠር።

የነጂ ልጅ

እኔ ባቡሩን ከውስጥ ነው የማውቀው። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ቤታችን ሰዓት የሚቆጠረው በእሱ መውጣትና መግባት ነው።

ሲወጣ እናቴ ስንቅ ትቋጥራለች። ደረቅ ያለ እንጀራ፣ በርበሬ የበዛበት ቋንጣ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ጉዞው መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጎርፍ ሐዲድ ይበላል፣ ግመል ይገባል፣ ሞተር ይሞቃል። «ማታ እገባለሁ» ብሎ በሦስተኛው ቀን የመጣበት ጊዜ አለ። ሲመጣ ግን ባዶ እጁን አይመጣም። ከላይ ሲወርድ ከኤረር በኩል ብርቱካን ያመጣል። ከታች ከጅቡቲ ሲመጣ ቴምርና ብስኩት። የሰፈር ልጅ ሁሉ ደጃችን ይሰበሰባል።

አባቴ ትምህርት ብዙም አልነበረውም። ፈረንሳይኛ ግን ይናገር ነበር፣ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ስለነበር። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላቅሎ ያወራል። የሞተር ነገር ሲመጣ ሁሉም ወደ ፈረንሳይኛ ይዞራሉ። እኔ ሕፃን ሆኜ ፈረንሳይኛ የሞተር ቋንቋ ይመስለኝ ነበር።

ሊቶሪናን የምታስታውሱ አላችሁ? ብቻዋን የምትሄደዋ፣ ሎኮሞቲቭ የማይጎትታት፣ አፍንጫዋ ክብ የሆነች። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያመጧት ናት፣ የፊያት ሥራ። አባቴ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አጠገቡ አስቀምጦኛል። ሐዲዱ ከሥሬ እየተዋጠ ሲመጣ ስንት ነገር አየሁ መሰላችሁ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፕላን ሄጃለሁ፣ መኪና ነድቻለሁ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት መጓጓዣ የለም።

ጁገል በር

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ ልግባ። እናንተ በየቀኑ ስለምታዩት ነው እንጂ ለእኛ ባቡር ማየት ዓመት በዓል ነበር። ሐረር ባቡር አልመጣላትም። እኛ ነን የምንወርደው።

አባታችን ዒድ ሲደርስ ልብስ ሊገዛልን ድሬ ይወስደናል። 404 ፔጆ ውስጥ እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቀን። መጀመሪያ አወዳይ፣ ከዚያ ሐረማያ፣ ከዚያ አዴሌ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር ጆሯችን ይደፈናል፣ ሙቀቱ ከታች ይመጣል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሌላ አገር የገባን ያህል ነበር። ቀፊራ ገበያ እንዞራለን፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ይገዛልናል። ከዚያ እኛ እንለምናለን፦ «ባቡሩን አሳየን»። ገበያው ለእናታችን ነው፣ ባቡሩ ለእኛ።

ሌላው የልጅነታችን መዝናኛ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ ነበር። መኪና አቁመን ዳር ላይ ምሳ እንበላ ነበር። ወፉ፣ ጀልባው፣ ነፋሱ። እሱም ደረቀ። ከብቶች ሐይቁ የነበረበት መሬት ላይ ሲግጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃው ለከተማ በፓምፕ ይሳባል፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ይሳባል፣ ከተራራው አፈር ታጥቦ ይገባበታል። ሁሉም በአንድ ላይ ጨረሰው። አሁን በዘመቻ ተሠርቶ ውሃ ተመልሶበታል። ሳየው አለቀስኩ። ይሄን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተ የተባለ ነገር ሊመለስ ይችላል። ስለ ባቡሩ ስታወሩ ይሄን አትርሱ።

ቶርኖ ቤት

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ልጄ ነው ይሄን ገጽ ያሳየኝ። እኔ ወርክሾፑ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የአንዳንዶቻችሁን አባቶች አውቃለሁ ብዬ አስባለሁ።

ልጁ «ሐረር ባቡር አልመጣላትም» ብሏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፣ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ። መንገዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡር ዳገት አይወድም። ዙሪያ ጥምጥም ይጠይቃል፣ ድልድይ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ደረሰ፣ ከተማዋም ያኔ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው፣ ስሙ አልያዘም እንጂ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ሲቀጥል አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይሄ ሁሉ ዓመት ድሬ የሐዲዱ መጨረሻ ነበረች። የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ ይቀጥላል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ እዚህ የሰፈረው ለዚህ ነው። ከዚራ ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ዛፍ ያላት የባቡሩ ሰዎች ስለቀየሷት ነው።

ትልቁ ጥገና ቦታም እዚሁ ሆነ። መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከዚህ በላይ ያለውም፣ ከዚህ በታች ያለውም ሲታመም ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

ስለ ሥራው ልንገራችሁ፣ ይሄን ማንም አይጽፈውም። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ያን ዓይነት ማምረት ካቆመ በኋላ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ራሳችን እንወልደው ነበር። አናጢው መጀመሪያ ዕቃውን በእንጨት ይሠራዋል። እንጨቱ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀበርና ቅርጹን ትቶ ይወጣል። እዚያ ጉድጓድ ላይ ቀልጦ የቀላ ብረት ይፈሳል። ቀዝቅዞ ሲወጣ ሸካራ ነው፣ ወደኔ ይመጣል። ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚልገው ማሽን ላይ አስሬ እልገዋለሁ። የአንድ ፀጉር ያህል ካለፈ ተበላሸ ማለት ነው፣ ወደ እሳት ይመለሳል።

የባቡር ጎማ ሁሉም ብረት ነው። ላዩ ላይ ግን ሌላ የብረት ቀለበት አለ፣ ሐዲዱን የሚነካው እሱ ነው። ሲያልቅ እሱ ብቻ ይቀየራል። አዲሱ ቀለበት ሆን ተብሎ ከጎማው በትንሹ ጠበብ ብሎ ይሠራል። በእሳት ሲግል ይሰፋል፣ ያኔ እናጠልቀዋለን። ሲቀዘቅዝ ጎማውን ነክሶ ይይዛል። መቶ ሰው ቢጎትተው አይወጣም። ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከዚህ ግቢ አልወጣም ብዬ ወሰንኩ።

ልጆችን እናባርር ነበር፣ እውነት ነው። ጠልተናችሁ አይደለም። ሎኮሞቲቭ ሲመጣ ትሰማላችሁ። ተገፍቶ የተለቀቀ ፉርጎ ግን ብቻውን ሲመጣ ድምፅ የለውም። እግር የቆረጠው እሱ ነው።

ነምበር ዋን

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አሁን ነው የገባኝ ለምን እንደዚያ ትጮሁብን እንደነበር። የቶርኖውንና የቀለበቱን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ገንደ ቆሬ

ሁላችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ያ ባቡር ለሁሉም መጫወቻ አልነበረም።

እናቴ በዚያ ባቡር ነው ያሳደገችን። ወደ ደወሌ ወርዳ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ኒዶ ወተት ይዛ ትመለሳለች። ኮንትሮባንድ በሉት፣ እኛ ቤት ስሙ ዳቦ ነው። ጨርቁን ሰውነቷ ላይ ጠቅልላ፣ ከላይ ሰፊ ልብስ ደርባ በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ትጓዛለች። ሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩ እንጨት ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱም አይገኝም። ፈታሾች ይገባሉ። ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ዕቃ ትይዛለች፣ አንዷ ሕፃን ታስለቅሳለች፣ አንዷ በመስኮት ትወረውራለች። ሽንሌ አለፍ ሲል ከጨለማ ውስጥ ዕቃ የሚቀበሉ ልጆች ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ባቡሩ እየሄደ ነው የሚዘለው።

እኛ ጣቢያ የምንሄደው ለመጫወት አልነበረም። እናታችን ወርዳ እንደሆነ ለማየት ነው። ፊቷን ከሩቅ እናነባለን። ተርፎላት ከሆነ ትስቃለች። ተወስዶባት ከሆነ ዝም ትላለች፣ እኛም ዝም እንላለን። የሚቀጥለውን ሳምንት በሱቅ ዱቤ እንበላለን።

ጣሪያ ላይ ተሳፍረው የቀሩ ሰዎችም ነበሩ። ስለነሱም ይጻፍ።

የነጂ ልጅ

ገንደ ቆሬ፣ ልክ ነህ። አባቴ እነዚያን ሴቶች ያውቃቸው ነበር። በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። «የኔን ባቡር የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው» ይል ነበር። ባቡሩ ሲቆም ከነጂዎቹ ቀድመው ሥራ ያጡት እናቶቻችሁ ናቸው።

ስለ ሞትም አባቴ አይረሳም። በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። በኩርባው ፍጥነት አልቀነሰም ነው የተባለው። ድሬ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም። አባቴ ከዚያ በኋላ ኩርባ ላይ ሲደርስ ከተፈቀደው ፍጥነትም በታች ነበር የሚሄደው። ዘገየህ ሲሉት «ይዘግይ» ይላል። ጡረታ እስኪወጣ እንደዚያው ነበር።

ሀያዎቹ

እኔ አሮጌው ባቡር ላይ ተሳፍሬ አላውቅም። ስደርስ ቆሞ ነበር። እናቶቻችን ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን።

አዲሱ ባቡር ግን አለን። መስከረም 25፣ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ሐዲዱም ሰፊ ነው። የድሮው 1 ሜትር ነበር፣ አዲሱ ወደ 1 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ነው በድሮው መስመር ላይ መሄድ የማይችለው፣ ሌላ መንገድ የተዘረጋለት። ተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ የተመላለስኩበት ነው። ወንበሩ ምቹ ነው፣ አደጋ አይፈራም። ለእኔ ትዝታዬ እሱ ነው።

የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ይዘህ ትሄዳለህ። ከጓደኛህ ጋር ሻይ እየጠጣህ ባቡር ሲገባ አታይም። የሰፈር ልጅ ዝም ብሎ እዚያ አይገኝም። የእናንተን ሳነብ የቀናሁት በዚህ ነው።

ጥያቄ አለኝ። የድሮው ግቢ ውስጥ አሁን ምን አለ? በአጠገቡ ሁልጊዜ አልፋለሁ፣ ገብቼ አላውቅም።

ደቻቱ ማዶ

እኔ እመልስልሃለሁ ወንድሜ። እንግዶች ይዤ ገብቼ ነበር። በር ላይ ጠይቀህ፣ ከፍለህ፣ የሚያስጎበኝ ሰው ተመድቦልህ ነው የሚገባው። ለሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ይዘህ ግባ፣ ያንሳል እንጂ አይበዛም።

የጣቢያው ፊት እንዳለ ነው። ቢጫ ግድግዳ፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈው ስም። ውስጥ ስትገባ ዝምታው ያስደነግጣል። መድረኩ ላይ ሣር በቅሏል። ፉርጎዎቹ በቆሙበት ዝገዋል፣ ሰሌዳቸው ላይ ቁጥሩ ገና ይነበባል። ሊቶሪናዎቹ አሉ። መቀመጫው ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ግን አለ። ሐዲዱን ጎንበስ ብለህ ካየህ ጎኑ ላይ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት ታትሞበታል። እንግዶቼ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጡ ሲያነቡ ዋሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ወርክሾፑ ነው። ጋሼ የጻፉት ሁሉ እዚያ ነው። ቶርኖው፣ ማቅለጫው፣ ከእንጨት የተሠሩት ቅርጾች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው። አቧራ ለብሰዋል፣ ግን ሰው ምሳ ሊበላ ወጥቶ የሚመለስ ነው የሚመስለው። አንዳንዱ ማሽን ዛሬም ይሠራል፣ ዘይት ተቀብቷል። እዚያ ያገኘሁት ሠራተኛ ማሽኑን በእጁ እየነካ ነው የሚያስረዳው።

ሳቢያን ማዶ

እንዴት ነው ግን ጭራሽ የቆመው? አንድ ቀን ተነስተው «በቃ» አሉ? እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።

ቶርኖ ቤት

አንድ ቀን አይደለም ልጄ። ቀስ እያለ ነው የሞተው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፣ ሐዲድ ተቆረጠ። ተጠገነ፣ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ከዚያ ሐዲዱ ራሱ ቀጭን ነበር፣ ለድሮ ቀላል ባቡር የተሠራ። ከባድ ሲጫንበት ይጣመማል። ስለዚህ ፍጥነት ይቀነሳል። ፍጥነት ሲቀነስ ነጋዴው ወደ ከባድ መኪና ይሄዳል። ነጋዴው ሲሄድ ገቢ ይቀንሳል። ገቢ ሲቀንስ ጥገና ይቀራል። ጥገና ሲቀር ባቡር ይወድቃል። በክረምት ደግሞ ጎርፍ አለ። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን የማያስታውስ የለም።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቀረ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ትንሽ ቆየና እሱም ቀረ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ እስከ ድንበሩ የሚሄድ ጀምረው ነበር፣ አልዘለቀም። ትልቅ የጥገና ሥራም ተጀምሮ መሀል ላይ ቆመ። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ጠዋት ጠዋት ግቢው እንገባ ነበር። ባቡር ባይኖርም ቶርኖ ዘይት ይፈልጋል።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ፣ ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንደ ቆሬ፣ ያንተንም ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ፣ ሳልቀንስ።

ደቻቱ ማዶ ያለው ነገር አንድ ነገር አስታወሰኝ። እዚህ በርሊን ፓርኩን ከተማው ወሰደው። አፍርሰው ፎቅ አልሠሩበትም። ትልቁን መሽከርከሪያ በፈረንጆቹ 2021 ፈትተው ለጥገና አወረዱት፣ ታድሶ እዚያው እንዲመለስ ነው ሐሳቡ። ዛፉን እንዳለ ትተው፣ ዝገቱንም የታሪኩ አካል አድርገው ነው የሚሠሩት። የከተማው ሰው ራሱ በስብሰባ ሐሳብ ሰጥቶበታል። እነሱ ይሄን ለመጫወቻ ነው ያደረጉት። የኛ ከተማ የተወለደችበት ግቢ አያንስም።

መጋላ ነጋዴ

እኔ ትንሽ ልከራከር። ቦታው መሀል ከተማ ነው። ሰፊ ነው። የድሬ ወጣት ሥራ ይፈልጋል። ለትዝታ ተብሎ ያን ያህል መሬት ታጥሮ መቀመጥ የለበትም። ጣቢያውን ሙዚየም አድርጉት፣ ጥሩ ነው። የቀረው ግን ሱቅ፣ መናኸሪያ፣ የሚጠቅም ነገር ይሁን።

የነጂ ልጅ

ወንድሜ፣ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ከዚያ ወርክሾፕ የተሻለ ምን አለ? ብረት አቅልጦ መለዋወጫ የሚሠራ ሰው ዛሬ ይፈለጋል። የባጃጁም፣ የወፍጮውም፣ የፋብሪካውም መለዋወጫ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። እነ ጋሼ በሕይወት እያሉ የሚማር ካለ ይማር። ከነሱ በኋላ እነዚያ የእንጨት ቅርጾች ለምን እንደሆኑ የሚያውቅ አይኖርም።

ቶርኖ ቤት

ትክክል ተናግራለች። አባትሽን አስታወስሽኝ። እኔ ሙዚየም የሚለውን ቃል አልጠላም። ግን ማሽን ታጥቦ ቀለም ተቀብቶ ሲቆም አይወድም። ከቆመ ይነክሳል፣ ይዝጋል። አንዷን ሊቶሪና አስነስተን እስከ ሽንሌ፣ ወይም በላይ በኩል እስከ መልካ ጀብዱ እንኳ ብትመላለስ ቱሪስቱም ይመጣል፣ የኛም ልጅ ይሳፈራል። ሐዲዱ ቅርብ ቅርቡ መፈተሽ አለበት፣ ቡሎኑ የጠፋበት ቦታ አለ። ሥራ ነው፣ ግን የማይቻል ሥራ አይደለም። ከዚህ የከፋ አድርገን እናውቃለን።

መጋላ ነጋዴ

ጋሼ፣ ወርክሾፑ ይሥራ ከተባለ እኔም እደግፋለሁ። የእኔ ተቃውሞ ቆሞ ለሚዝግ ነገር ነው። የሽንሌዋ ሊቶሪና ከተነሳች የመጀመሪያውን ቀን የሚሸጠውን ሻይና ሳምቡሳ እኔ እችላለሁ።

ሀያዎቹ

ጋሼ፣ ይቅርታ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ መካኒካል ምሕንድስና ነው የተማርኩት። ቅርጹን በአሸዋ መቅበር በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ሲሠራ አላየሁም። እርስዎ ቢፈቅዱ ሁለት ሦስት ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ፣ የየማሽኑን ስምና ሥራ እርስዎ እየነገሩን በቪዲዮ ብንቀዳው? ፈረንሳይኛ ስሙንም፣ እናንተ የምትጠሩበትንም።

ቶርኖ ቤት

ኑ። ለግቢው ፈቃድ እኔ እጠይቃለሁ፣ ያሉት ልጆች ያውቁኛል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡ፣ መሬቱ ላይ ብረት አለ። ማቅለጫውን የሚያውቅ አንድ ጓደኛዬ ሳቢያን ይኖራል፣ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። እሱ ከእኔ የተሻለ ይናገራል።

ገንደ ቆሬ

ቪዲዮ ከቀዳችሁ እናቴንም ቅዱልኝ። አሁንም በሕይወት አለች፣ የእያንዳንዱን ጣቢያ ስም በቅደም ተከተል ከድሬ እስከ ደወሌ ታውቃለች። የት ዕቃ እንደሚወረወር ጭምር።

ሀያዎቹ

እመጣለሁ ወንድሜ። በውስጥ መስመር ስልክህን ላክልኝ። ፎቶ ወይም የድሮ ቲኬት ያላችሁም እንዲሁ ላኩልኝ፣ ሁሉንም ሰብስቤ እዚሁ እለጥፋለሁ።